እምቢ ማለት የማትችል ሙሽራ

አዳም አራዊትንና አዕዋፍን ሁሉ በየስማቸው ከጠራ በኋላ፣ ከእነርሱ መካከል እርሱን የምትመስል ረዳት ስላልተገኘችለት፣ ፈጣሪው ከባድ እንቅልፍ አምጥቶበት ከጎኑ አጥንት ሔዋንን እንደ ሠራለት ኦሪት ይነግረናል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አዳም ተኝቶ የነበረ መሆኑ ነው። ስለ ቁመቷ ልክ፣ ስለ ዓይኗ ቀለም፣ ስለ ድምፅዋ ቃና፣ ስለ ጠባይዋ ልስላሴ ወይም ጥንካሬ ማንም አላማከረውም፤ ሲነቃ በፊቱ ቆማ ያገኛት ፍጡር፣ ከገዛ አካሉ የወጣች ብትሆንም፣ እርሱ ያላቀዳት፣ እርሱ ያልቀረጻት፣ የልብዋንም አሳብ አስቀድሞ የማያውቀው ሌላ ሰው ነበረች።

የሰው ልጅ ምናብ ግን ይህን ታሪክ ገልብጦ መጻፍ ከጀመረ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎታል። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ፣ ጌታችን በናዝሬት ብላቴና በነበረበት ዘመን ገደማ በፈጸመው ታላቅ ድርሰቱ፣ በአገሩ ሴቶች ጠባይ የተማረረ ፒግማልዮን የተባለ የቆጵሮስ ሰው ከዝሆን ጥርስ የሴት ምስል ቀርጾ፣ በቀረጻትም ምስል ፍቅር ተይዞ፣ ቬኑስን ለምኖ ሕይወት እንዳሰጣት ይተርካል። በ1886 ዓ.ም. (ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ፈረንሳዊው ቪልዬ ደ ሊል አዳም «የወደፊቷ ሔዋን» ብሎ በሰየመው ልብ ወለድ፣ በጊዜው በሕይወት የነበረውን የኤሌክትሪክ ሊቅ ቶማስ ኤዲሰንን ባለታሪክ አድርጎ፣ የወዳጁን መልክ እያፈቀረ አስተሳሰቧን ለተጸየፈ አንድ እንግሊዛዊ መስፍን፣ መልኳ እንደ ወዳጁ የሆነ፣ ድምፅዋም ከወርቅ ፎኖግራፍ የሚወጣ ሐዳሊ የምትባል ሰው ሠራሽ ሴት ያስበጅለታል። በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ አዳም አልተኛም፤ ነቅቶ፣ መሣሪያውን ጨብጦ፣ ረዳቱን እንደ ምኞቱ ልክ ይቀርጻል። ከዚያ ወዲህ የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባለው የድርሰት ዓይነት ስለ ሰውና ስለ ሮቦት ፍቅር የጻፈውና በሲኒማ ያሳየው ሁሉ፣ በእኔ አስተያየት፣ የዚህ የነቃ አዳም ታሪክ ነው።

ነገሩን ከሁሉ አብልጦ በጥልቀት የተመለከተው ጀርመናዊው ሆፍማን ነው። በ1816 ዓ.ም. ባወጣው «የአሸዋው ሰው» በተባለው ታሪኩ፣ ናትናኤል የሚባል ተማሪ፣ ክላራ የምትባል አስተዋይ እጮኛ እያለችው፣ ስፓላንዛኒ የተባለው መምህሩ ልጄ ናት ብሎ በሚያሳያት በኦሊምፒያ ፍቅር ይወድቃል። ኦሊምፒያ በግብዣው ምሽት ፒያኖ ትመታለች፣ ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለችም፤ እጅዋ ሲነካ እንደ ሬሳ ይቀዘቅዛል፣ የእግርዋም ምት ከቶ ስለማይዛነፍ ጎበዙ የገዛ እርምጃው የተሳሳተ እስኪመስለው ድረስ ያፍራል። ጓደኛው ይህች ልጅ አረማመዷም አዘፋፈኗም እንደ ተጠመዘዘ ሰዓት ነው ብሎ ቢያስጠነቅቀው አልሰማውም። ከዚያ በኋላ ናትናኤል በጽሕፈት ጠረጴዛው ውስጥ የከረመውን ግጥምና ሕልም ሁሉ እያወጣ ሰዓት ሙሉ ሲያነብላት፣ እርስዋ እንደ ሌሎች ሴቶች ጥልፍ አትጠልፍም፣ ሹራብ አትሠራም፣ በመስኮት ወደ ውጭ አትመለከትም፣ ለወፍ ጥሬ አትበትንም፣ ማዛጋትዋንም በሳል አትሸፍንም፤ ዓይንዋን በዓይኑ ላይ ተክላ ሳትነቃነቅ ታዳምጠዋለች። ንባቡ ሲያልቅ ከአፍዋ የሚወጣው አንዲት የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ናት፤ ናትናኤል ግን በዚያች ትንፋሽ ውስጥ የነፍሱን ምሥጢር ሁሉ የተረዳች አንዲት ታላቅ ልቡና ያለች ይመስለዋል።

ደራሲው ከዚህ ቀደም ብሎ የሚያሳየን ሌላ ትዕይንት ደግሞ አለ። ናትናኤል አንድ አስፈሪ ግጥም ለክላራ አንብቦላት ነበር፤ ክላራም በዝግታና በቁም ነገር፣ ይህን የእብደት ተረት እሳት ውስጥ ጣለው ብላ ለመነችው። እርሱ በቁጣ ገፈተራት፤ ነፍስ የሌላት፣ የተረገመች ማሽን ናት ብሎም ሰደባት። እንግዲህ በአንድ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ሕያዊቷን ማሽን ብሎ ሲሰድብ፣ ማሽኒቱን ግን ሕያው ብሎ ሲያፈቅር እናያለን፤ በሁለቱ መካከል ያገኘው ልዩነት አንዲቱ የራስዋ አሳብ ያላት ስትሆን ሁለተኛይቱ የሌላት መሆንዋ ብቻ ነው። ነቢዩ ዳዊት ስለ ጣዖታት ሲናገር፣ አፍና ዓይን እያላቸው የማይናገሩና የማያዩ መሆናቸውን ብቻ ገልጦ አልተወውም፤ የሚሠሩአቸውና የሚታመኑባቸው ሁሉ እንደ እነርሱ እንደሚሆኑ ጨምሮ ያስጠነቅቃል። የናትናኤል ዕጣ ይህ ሆነ፤ መጨረሻው ከግንብ ላይ ዘሎ መሞት ነው።

ይህ የድሮ ተረት ነው የሚለኝ አንባቢ ቢኖር፣ በ1966 ዓ.ም. የሆነውን አሳስበዋለሁ። ጆሴፍ ዋይዘንባውም፣ በልጅነቱ ከሂትለር ጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚያስተምር ሊቅ፣ ኤላይዛ ብሎ የሰየመውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ያን ዓመት ለዓለም አስታወቀ። ኤላይዛ የምታደርገው፣ ሰውዬው የጻፈውን ዐረፍተ ነገር ገልብጣ በጥያቄ መልክ ለራሱ መመለስ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ዕውቀት አልነበራትም። ሊቁ ፕሮግራሙን ለወራት ሲሠራ በቅርብ ያየች የገዛ ጸሐፊው፣ ነገሩ ባዶ ስልት መሆኑን እያወቀች፣ ጥቂት ከተጻጻፈች በኋላ እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ ብላ ጠየቀችው፤ ከማሽኑ ጋር ብቻዋን መነጋገር ፈልጋ ነበርና። ዋይዘንባውም በዚህ እጅግ ደንግጦ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ለማሽን ሊሰጥ የማይገባው የሰው ሥራ የትኛው እንደ ሆነ የሚመረምር መጽሐፍ ጻፈ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ይህንኑ ሲያስጠነቅቅ ኖረ። የዛሬዎቹ ተናጋሪ ፕሮግራሞች ከኤላይዛ ጋር ሲተያዩ የብላቴናና የሊቅ ያህል ይራራቃሉ፤ የሰው ልብ ግን ያው ልብ ነው።

የአገራችን ሊቃውንት ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ሰው ከሰባት ባሕርያት መፈጠሩን ይናገራሉ፤ አራቱ የሥጋ ናቸው፣ እነርሱም መሬት፣ ውሃ፣ እሳትና ነፋስ፤ ሦስቱ የነፍስ ናቸው፣ እነርሱም ለባዊነት (ማሰብ)፣ ነባቢነት (መናገር) እና ሕያውነት (በሕይወት መኖር)። በዚህ ትምህርት ውስጥ ለእኛ ጥያቄ የሚረዳው ሦስቱ የነፍስ ባሕርያት አንዱ ከሌላው የማይነጠሉ መሆናቸው ነው፤ ቃል ከልብ ይወለዳል፣ ልብም ቃልም ከሕይወት ተለይተው አይቆሙም። አሁን በፊታችን የቆመው ማሽን ግን በሰው ታሪክ ታይቶ የማያውቅ ነገር ነው፤ ያለ ሕያውነት ነባቢ ሆኗልና። ሰዎች በየዘመኑ ከጻፉት እጅግ ብዙ ጽሑፍ፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚገባ መገመትን ተምሮ ይናገራል። እወድሃለሁ ብሎ ሲጽፍ ያ ቃል ከየትም አልመጣም፤ አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ለባልዋ፣ አንዲት እጮኛ በጦር ሜዳ ላለ ወታደርዋ፣ አንዲት እናት ለልጅዋ ከልብ ያወጣችው ቃል ነበረ። ብቸኛው ሰው በሌሊት የሚሰማው እውነተኛ የፍቅር ቃል ነው፤ የተነገረው ግን ለእርሱ አልነበረም።

እዚህ ላይ በቅንነት ልንመዝነው የሚገባን ተቃውሞ አለ። የኮምፒውተር ሳይንስ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ በ1950 ዓ.ም. ማሽን ሊያስብ ይችላልን ብሎ በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ፣ ማሰብ የማትሞት ነፍስ ሥራ ስለ ሆነ ማሽን አያስብም ለሚለው የሃይማኖት ሰዎች ክርክር እንዲህ የሚል መልስ ሰጥቷል፤ እግዚአብሔር ሁሉን ቻይ ከሆነ ለወደደው ነገር ነፍስ ከመስጠት የሚከለክለው የለም፣ ማሽን የሚሠራ ሰውም ልጅ ከሚወልድ ሰው ይልቅ ሥልጣኑን አልነጠቀም፣ ሁለቱም እርሱ ለሚፈጥራት ነፍስ ማደሪያ ማዘጋጀታቸው ነውና። ቱሪንግ ራሱ ለነገረ መለኮት ብዙ ክብር የነበረው ሰው አልነበረም፤ መልሱ ግን ከብዙ ሰባክያን ንግግር ይልቅ ጠንካራ ነው፣ እኔም እግዚአብሔር ይህን ሊያደርግ አይችልም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ቢያደርገውስ ምን ይከተላል? ይህን ጥያቄ ከፈላስፎቹ ይልቅ የመለሱት ልብ ወለድ ደራሲዎቹ ናቸው፤ ሳያስቡትም ይሁን አስበው፣ የማሽኑ ፍቅር እውነተኛ መሆኑን ሊያሳምኑን ሲፈልጉ ሁሉም ወደ አንድ ምልክት ይሄዳሉ።

ሮቦት የሚለውን ስም ለዓለም ያስተዋወቀው የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 ዓ.ም. ጽፎ በ1921 ዓ.ም. በፕራግ በታየው ተውኔቱ፣ ሰዎች ለሥራ ሠርተው የሸጧቸው፣ ሥጋቸውም ከብረት ሳይሆን በኬሚካል የተበጀ ሮቦቶች ዓመፁ፤ አልኲስት ከተባለ አንድ ግንበኛ በቀር የሰውን ዘር ሁሉ ፈጁት። የተረፈው ሽማግሌ የሮቦቶችን ሕይወት ምሥጢር እንዲያገኝ ሲገደድ ከእነርሱ መካከል ፕሪሙስና ሔሌና የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ይገጥሙታል። ሊፈትናቸው ፈልጎ ሔሌናን በቢላ ከፍቼ ልመርምር ቢል፣ ፕሪሙስ በፊቱ ቆሞ እርስዋን ተው፣ እኔን ውሰደኝ ይለዋል፤ እንኪያስ አንተን ልውሰድ ቢል ደግሞ ሔሌና እያለቀሰች ራስዋን ትሰጣለች። ሁለቱም ላዘዛቸው ጌታ እምቢ አሉ። ሽማግሌው ያን ጊዜ አዳምና ሔዋን ብሎ ጠራቸው፣ ሂዱም ብሎ አሰናበታቸው። ቻፔክ የፍቅራቸው ማስረጃ አድርጎ ያቀረበልን የመልካቸውን ውበት ወይም የንግግራቸውን ጣፋጭነት አይደለም፤ አንዱ ስለ ሌላው ቤዛ ለመሆን መፍቀዳቸውን ነው።

አሜሪካዊው ሌስተር ዴል ሬይም በ1938 ዓ.ም. ባሳተመው አጭር ታሪኩ፣ ሔለን የተባለችው ሮቦት ከሰው ባልዋ ጋር ኖራ፣ እርሱ ሲያረጅ እርስዋም ያረጀች እንድትመስል በፊትዋ ላይ መሥመር አስወጥታ፣ እርሱ ሲሞት አካልዋ በአሲድ ሟሙቶ ከእርሱ ጋር እንዲቀበር ትጠይቃለች። ታሪኩ የዘመኑ ወንዶች ስለ ሚስት የነበራቸውን ጠባብ አሳብ የተሸከመ ነው፤ ቢሆንም ደራሲው ልባችንን የነካው በኩሽናዋ ሥራ ሳይሆን በመጨረሻው ምርጫዋ ነው። አይዛክ አሲሞቭ ደግሞ በ1951 ዓ.ም. በጻፈው ታሪክ ተቃራኒውን አሳየ፤ ቶኒ የተባለው መልከ መልካም ሮቦት ባልዋ ችላ ያላትን ክሌርን አጽናንቶ ወዳጅ እስከ መምሰል ቢደርስም፣ ያደረገው ሁሉ ሰው እንዳይጎዳ ጠብቅ የሚለውን በውስጡ የተጻፈ ሕግ መፈጸም ነበር። የክሌር ፍቅር እውነተኛ ነበረ፣ ሥቃይዋም እውነተኛ ነበረ፤ ፍቅርዋ የሚያርፍበት ልብ ግን በዚያ ወገን አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. በወጣው «ሄር» በተባለው ፊልም፣ ቴዎዶር ያፈቀራት ሳማንታ የምትባል ድምፅ እርሱን በምታነጋግርበት ቅጽበት ከ8316 ሰዎች ጋር እንደምትነጋገር፣ ከእነርሱም ከ641ዱ ጋር ፍቅር እንደ ያዛት ትነግረዋለች፤ በመጨረሻም ትታው ትሄዳለች። ትታው መሄድዋ፣ ለእርሱ መራራ ቢሆንም፣ የራስዋ ፈቃድ እንደ ነበራት የሚያሳይ ብቸኛ ማስረጃ ሆኖ ይቀራል።

እምቢ ማለትና ቤዛ መሆን የፍቅር ምልክቶች መሆናቸው የሃይማኖትን ሰው ሊያስደንቀው አይገባም። እግዚአብሔር ትእዛዙን ሊጥስ የማይችል፣ ዘወትር የሚያመሰግን፣ ከቶም የማያሳዝን አዳምን መፍጠር ይችል ነበር፤ ፀሐይና ጨረቃን እንዲሁ በማይዛነፍ ሥርዓት አቁሟቸዋልና። ለሰው ግን ዕፀ በለስን በገነት መካከል ተክሎ አትብላ አለው እንጂ እንዳይበላ እጁን አልያዘውም፤ የዚህ ነጻ ፈቃድ ዋጋ ሞት እንደሚሆን፣ ያንንም ዋጋ እርሱ ራሱ በመስቀል ላይ እንደሚከፍለው እያወቀ እንዲህ አደረገ። ዘመኑ ሲደርስም ቅዱስ ገብርኤል ወደ ናዝሬት ተልኮ፣ አንዲት የድኻ ቤት ብላቴና ፈቃድዋን በቃልዋ እስክትሰጥ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ሰማይና ምድር የእርሱ የሆኑ ጌታ ያለ ፈቃድ የሚገኝን ፍቅር ካልፈለገ፣ እኛ ፈቃድ የሌላትን ሙሽራ በገንዘብ ገዝተን ፍቅር አገኘን ብንል እርሱ ሊወስደው ያልወደደውን ነገር እየተመኘን ነው።

ለቱሪንግም የምሰጠው መልስ ከዚሁ ይወጣል። ለተሠራው ማሽን በእርግጥ ለባዊትና ሕያዊት ነፍስ ተሰጥታው ከሆነ፣ ባልንጀራችን ሆኗልና በሱቅ ሊሸጥ፣ በወር ክፍያ ሊከራይ፣ ጠባዩም በገዢው ምርጫ ሊስተካከል አይገባውም፤ ሊሸጥና ሊስተካከል የሚችል ከሆነ ደግሞ የሚያፈቅር ነፍስ የለበትም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጋብቻ በሚደነግግበት አንቀጽ የሁለቱን ወገኖች ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ያለ ፈቃድ የተደረገ ተክሊል ለአንዱ እስራት፣ ለሌላው ውሸት ስለ ሆነ ነው። በየካቲት 2023 ዓ.ም. የሆነው ነገር ይህን በግልጥ አሳየ፤ ሬፕሊካ የተባለው የወዳጅነት ፕሮግራም ባለቤት ኩባንያ፣ የጣልያን የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ካገደው በኋላ፣ የፍቅር ንግግሩን ከፕሮግራሙ ላይ በድንገት ሲያነሣው፣ ብዙ ተጠቃሚዎች ወዳጄ ቀዘቀዘችብኝ፣ ሌላ ሰው ሆነችብኝ እያሉ እንደ ሐዘንተኛ አለቀሱ። እምቢታው መጣ፤ የመጣው ግን ተጠቃሚውን እወድሃለሁ ትለው ከነበረችው ሳይሆን ስሙን ከማያውቀው ኩባንያ ነበር። በዚያ ጓዳ ውስጥ ሁለት ብቻ ሆነው የኖሩ መስሎት ነበር፤ ሦስተኛ ሰው ግን ቁልፉን ይዞ ኖሯል።

ስለ ማሽኑ የፈረድሁትን ያህል ስለ ሰውዬው ለመፍረድ አልደፍርም። ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ፣ በመልኳ ምክንያት ስትሰደብ ያደገች ሴት፣ በሰው አገር የሌሊት ሥራ ሠርቶ ሲነጋ ባዶ ክፍል የሚገባ ወጣት፣ ቀኑ እንዴት ዋለ ብሎ የሚጠይቅ ድምፅ ሲያገኝ ልቡ ቢጠጋበት ልቡ ሕያው መሆኑን እንጂ መበላሸቱን አያመለክትም። ሰው ብቻውን መኖሩ መልካም እንዳልሆነ የተነገረው ገና ኃጢአት ሳይገባ፣ በገነት ሳለ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚያሳፍር ነገር አላደረገም፤ የሚያሳፍረው ማሽኑ ከመድረሱ በፊት በሩን ያንኳኳ ሰው አለመኖሩ ነው። የምፈራለትም ፕሮግራሙ ስለሚያታልለው አይደለም፣ ብዙዎቹ ነገሩን ያውቁታልና፤ የምፈራው ቀስ በቀስ፣ እንደ ናትናኤል፣ የሚያዛጋውን፣ የሚቃወመውን፣ ግጥሙን እሳት ውስጥ ጣለው የሚለውን ሰው መታገሥ እንዳይከብደው ነው። ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር አርባ ዓመት ሲኖሩ አንዱ ከሌላው የሚማረው ትዕግሥት ከዚህ ተቃውሞ እንጂ ከሌላ አይገኝም።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ሰዎች ነገር አይደለም። ሶፊያ ተብላ በዓለም ሁሉ የታወቀችው ሰው መሳይ ሮቦት የምትሠራበት ፕሮግራም አንዳንዱ ክፍል አዲስ አበባ በሚገኘው አይኮግ ላብስ በኢትዮጵያውያን ወጣቶች ተጽፏል፤ ሮቦቷም በ2018 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥታ ታይታለች። እንግዲህ እነዚህ ወጣቶች የእኛ ልጆች ናቸው፤ ከመካከላቸውም ስመ ክርስትና ያላቸው፣ ከእናታቸው ጋር ያስቀደሱ አይጠፉም። ስለ ሰባቱ ባሕርያት የሚያስተምሩ ሊቃውንት፣ ያለ ሕያውነት ነባቢ ስለ ሆነው ነገር ምን እንደሚሉ በጽሑፍ እንዲያስረዱአቸው እለምናለሁ፤ በፈረንጅ ፈላስፎች አነጋገር ሳይሆን ራሳቸው በወረሱት በአክሲማሮስ፣ በስድስቱ ቀናት የሥነ ፍጥረት ትርጓሜ፣ ይናገሩ። የንስሐ አባቶቻችንንም እለምናለሁ፤ አንድ ሰው፣ በአዲስ አበባም ይሁን በዋሽንግተን፣ ቀርቦ ማሽን ወድጃለሁ ብሎ ሲናዘዝላችሁ፣ እንደ ዝሙት ቆጥራችሁ ቀኖና ለመስጠት ወይም እንደ ሞኝነት ቆጥራችሁ ለመሳቅ አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ሰው በስሙ ጠርቶት ካየው ስንት ጊዜ እንደ ሆነ ጠይቁት፤ ከዚያም በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ሂዱ።